ፀረ ተባይና ዓሣ በአዲስ አበባ ዙሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ዓሣና ፀረ ተባይ የሚገናኙበት ቦታ ብዙ ነው። በትንሹ አቃቂ ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይለማል። በሰበታና በሆለታ በኩል የአበባ እርሻዎች አሉ። ማሳ ላይ የተረጨው መድኃኒት ዝናብ ሲጥል ታጥቦ ወንዝ ይገባል። መርጫውን እዚያው ወንዙ ውስጥ የሚያለቀልቅም አይጠፋም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ውኃው ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ቀጥሎም ወደ ቆቃ ይወርዳል። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው በአባ ሳሙኤል በኩል እንደሆነ ይነገራል።

ብዙ ሰው «ዓሣው ካልሞተ ውኃው ደህና ነው» ይላል። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከሞት በፊት፣ ከአንጎል ነው።

በነርቮች መካከል መልእክት ከሚያደርሱት ኬሚካሎች አንዱ አሴቲልኮሊን ነው። መልእክቱ እንደደረሰ አሴቲልኮሊንኤስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም ይሰባብረዋል። ማላታዮን፣ ዳያዚኖንና ክሎርፒሪፎስ የሚባሉት ፀረ ተባዮች ይህን ኢንዛይም አንቀው ይይዙታል። መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል፤ ጡንቻም እረፍት ያጣል። ካርባሜት የሚባሉት መድኃኒቶች ቶሎ ይለቁታል። እነማላታዮን ግን ብዙውን ጊዜ አይለቁም፤ ዓሣው አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። ዴልታሜትሪን የሚባለው ፀረ ተባይና ዘመዶቹ ደግሞ ሶዲየም ወደ ነርቭ የሚገባበትን በር ክፍት ያስቀራሉ። ዓሣ እነዚህን ሰባብሮ የማስወገድ አቅሙ ደካማ ስለሆነ፣ ከብት የማይነካ መጠን እሱን ይገድለዋል።

የመድኃኒቱ መጠን ሲበዛ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው ዓሣ መጀመሪያ ይቅበዘበዛል፣ ይሽከረከራል፣ ይዘላል። ከዚያ ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ይጋደማል። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ምልክቱ ረቂቅ ነው። የእጅ ጥላ ሲያርፍበት አይሸሽም። ምግብ ፊቱ ሲወድቅ ዘግይቶ ያነሳል፣ ወይም ጭራሽ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ሳልሞን በሚባል ዓሣ ላይ አስደናቂ ነገር አሳይቷል። የአንድ ዓሣ ቆዳ ሲቀደድ የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ያስደነግጣቸዋል። በሊትር 1 ማይክሮግራም ዳያዚኖን ብቻ ያገኛቸው ግን ሽታው መጥቶም አልተጠነቀቁም። እንዲህ ያለ ዓሣ በመድኃኒቱ ባይሞት የወፍ ሲሳይ ይሆናል።

አቃቂ ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው የፋብሪካና የፍሳሽ ቆሻሻ ነው። ቆሻሻው የውኃውን ኦክስጅን ሲያሳንሰውም ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይበቃም፣ አንጎሉን መለካት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤልማን የሚባል ተመራማሪ ያወጣው የመለኪያ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። የአንጎል ጭማቂ ለምርመራው ከተዘጋጀ ኬሚካል ጋር ሲቀላቀል ኢንዛይሙ ጤነኛ ከሆነ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ከተጎዳ ቢጫው ይደበዝዛል። የሞተ ዓሣ ቶሎ ስለሚበላሽ ናሙናው ከሕያው ተወስዶ ወዲያው በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። ለማነጻጸሪያም ከንጹሕ ኩሬ የመጣ ዓሣ የግድ ነው። በዚህ ረገድ የቆሮሶ ጫጩት በማራባት ስሙ የሚነሳው የሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ለከተማዋ ትልቅ ሀብት ነው፤ ኩሬዎቹ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃሉ።