የክሬን ሲግናል ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሕንፃ ሲሠራ ቆም ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ክሬኑ ፊት ለፊት ቆሞ ጣቱን ወደ ሰማይ የሚያሽከረክር ሰው አይጠፋም። ለማያውቀው ዝም ብሎ እጁን የሚያወናጭፍ ይመስላል። ሰውየው ግን ክሬኑን የሚያንቀሳቅሰውን ኦፕሬተር እያናገረ ነው። ይህ የእጅ ወይም የሬዲዮ ቋንቋ የክሬን ሲግናል ይባላል።

በስፋት በሚሠራበት የአሜሪካ ደረጃ፣ ክንድ ወደ ላይ ቆሞ ሌባ ጣት ትንሽ ክብ ከሠራ «አንሳ» ነው። ክንድ ወደ ታች ሆኖ ጣቱ ወደ መሬት እያመለከተ ከዞረ «አውርድ»። አንድ ክንድ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ መሬት ሆኖ ወዲያ ወዲህ ከተወዛወዘ «ቁም»። በሁለቱም ክንድ ከሆነ «አሁኑኑ ቁም!»። ምልክቶቹ ከአገር አገር ስለሚለያዩ ሲግናል ሰጪውና ኦፕሬተሩ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ፊት ለፊት ተያይተው ይስማሙ።

ሲግናል የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሳይት ላይ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የፌሮ ጥቅል ተንጠልጥሏል። ፎርማኑ ከወዲህ «አንሳ!» ይላል፣ ሌላው ከወዲያ «አውርድ! አውርድ!»። ኦፕሬተሩ ማንንም አልሰማም፤ ማሽኑን አቁሞ ጠበቃቸው። ያደረገው ልክ ነበር።

ከባዱ ጭነቱ ከግድግዳ ጀርባ ሲወርድ ነው። ኦፕሬተሩ አያየውም፤ የሚሠራው በሌላ ሰው ዓይን ነው። ያኔ በሬዲዮ ያለማቋረጥ ይወራል፦ «አውርድ... 3 ሜትር... 2... 1... ቀስ... ቁም»። ድምፁ ከተቋረጠ ኦፕሬተሩ ወዲያው ያቆማል። «እሺ ብሎ ይሆናል» ብሎ መገመት የለም። ለዚህ ሥራ ሞባይል የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም ሌላ ጥሪ ሲገባ ጭነቱ አየር ላይ ነው።

ጭነቱ መጀመሪያ ከመሬት ትንሽ ብድግ ብሎ ይቆማል። ገመዱና መንጠቆው ይታያል፣ ሚዛኑ ይታያል። ከሥሩ ማንም አይቆምም፣ አያልፍምም።

«ቁም» ግን የሲግናል ሰጪው ብቻ አይደለም። ብሎኬት የምትሸከመውም ልጅ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካውም፣ አደጋ ካዩ እጃቸውን ዘርግተው «ቁም!» ማለት ይችላሉ። ኦፕሬተሩም መጀመሪያ ያቆማል፣ ምክንያቱን በኋላ ይጠይቃል።