«ንጹህ ሰው ስልኩን ቢያሳይ ምን ይሆናል?»

ድሬዳዋ ጠበቃ ሆኖ የጫት በርጫ ላይ መቀመጥ ፈተና ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ዳኛ ይሆናል። ስለ ፍተሻና እስር ከሚወራው ስህተት ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው።

«ፍተሻ ሁሉ የመብት ጥሰት ነው።» አይደለም። ባቡር ጣቢያ ሻንጣህ ቢፈተሽ የምትሳፈረው አንተው ነህ። ፈታሹንም አትሳደብ፤ በዚህ ሙቀት ቆሞ ነው የሚውለው።

«ፖሊስ 48 ሰዓት የማሰር መብት አለው።» 48 ሰዓት የተያዘን ሰው ፍርድ ቤት ለማቅረብ የተቀመጠ የመጨረሻ ገደብ ነው። የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ መብት የሚባል የለም።» የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 93 አንብብ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ከ6 ወር አያልፍም፤ የሚራዘመውም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በየ4 ወሩ ነው። ኢሰብአዊ አያያዝ ያን ጊዜም ክልክል ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ንጹህ ከሆንክ ስልክህን ብታሳይ ምን አለበት?» አቦ፣ ይቺን ስንቴ ልስማት!

እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ጫማ የሚሸጥ አንድ ልጅ ቢሮዬ መጣ። ከሐረር ሲመለስ መንገድ ላይ ስልክህን ክፈት ተባለ። ንጹህ ነውና ከፈተ። ወንጀል አልተገኘበትም። የተገኘው እህቱ የላከችለት የሐኪም ውጤት ነው። ፈታሹ ጮክ ብሎ አነበበው። ሚኒባሱ ውስጥ የሰፈር ሰው ነበረ።

ልጁም ንጹህ፣ እህቱም ንጹህ። ስልክህ ውስጥ ያለው ያንተ ብቻ አይደለማ! የእቁቡ ሂሳብ አለ፣ የሚስትህ ፎቶ አለ፣ ጓደኛህ ተበሳጭቶ የላከው ድምፅ አለ።

አንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትን በግልጽ ይጠብቃል። ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ ነው። ለገደብ ምክንያት ከሆኑት ውስጥ ብሔራዊ ደኅንነት አለ፣ ወንጀልን መከላከል አለ። የፈታሽ ጉጉት የለም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ትሉኛላችሁ። መታወቂያ ሲጠየቅ አሳዩ። ቦርሳ ሲባል ክፈቱ። ስልክ ሲባል ግን ረጋ ብላችሁ «ወንድሜ፣ በምን ትእዛዝ ነው?» በሉ። የግድ ከተባለ አትጨቃጨቁ፣ ከእጁም አትንጠቁ፤ ጀግንነት በጨለማ መንገድ ላይ አያዋጣም። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ማን አብሯችሁ እንደነበር ያዙ። አቤቱታው በማግስቱ ይደርሳል። ወር ቆይታችሁ «ማን እንደነበር ረሳሁት» ብላችሁ ቢሮዬ አትምጡ።

ልጁ አሁን ስልኩን በሁለት ቁልፍ ቆልፎታል። እህቱ ግን እስከዛሬ አታናግረውም።