ስሜትን የሚገልጽ የሰዓሊ ስቱዲዮ አሠራር በጅማ

ሰዓሊ ቀኑን የሚውለው ስቱዲዮው ውስጥ ነው። ዝቅ ያለ ጣሪያ ሐሳብን ይሰበስባል፤ ከፍ ያለው ትንፋሽ ይሰጣል። ሸካራ ግድግዳ ዳስሱኝ ይላል፤ ልስልሱ ዓይንን ያሳርፋል። ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ቤት በአገራችን አለ። አዲስ አበባ ያለው ቪላ አልፋ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ቤትና ስቱዲዮ ነበር፤ የነደፉት ራሳቸው ናቸው፤ የጎንደር ግንብ መንፈስም አለበት። እዚያው ከተማ ዞማ ሙዚየም ጭቃና ጭድን እንደ ቅርፃ ቅርፅ ተጠቅሞበታል።

ጅማ ላይ ስቱዲዮ ሊሠራ ያሰበ ሰው ግን መጀመሪያ ጅሬን የተባለውን ኮረብታ ይውጣ።

ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ኮረብታው ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሡ ጅማን ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ገዝተዋል። ቤቱ ባለ ፎቅ ነው፤ የእንጨት ሥራው ያስደምማል። ከደጅ ፀሐይ ወደ በረንዳው ጥላ ትገባለህ፤ ከበረንዳው ደግሞ ወደ ደብዘዝ ያለው ክፍል። ሳታስበው ድምፅህን ዝቅ ታደርጋለህ። ይህን የሚያደርገው የብርሃኑ ቅደም ተከተል ነው፤ ለስቱዲዮ መግቢያ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። በአሠራሩ የህንድና የዓረብ ተጽዕኖ አለ የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ጅማ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። የእንጨቱ ነፍስ ግን የጅማ ነው።



ለስቱዲዮ ከሚሆኑት እንጨቶች ቀዳሚው ዋንዛ ነው። ለመፈልፈል ይመቻል፤ ምስጥ እንደ ሌላው በቀላሉ አይደፍረውም፤ ቀለሙም ሞቅ ያለ ቡናማ ነው። ታዋቂውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከአንድ ግንድ ይወጣል፤ ምስማር የለው፣ መገጣጠሚያ የለው። ስቱዲዮ ውስጥም ምሰሶውና የመስኮቱ ደፍ እንዲህ ወፍራምና ሙሉ ሲሆኑ ቤቱ የመርጋት ስሜት ይሰጣል። ግድግዳው ከጭድ ጋር በደንብ የቦካ ጭቃ ቢሆን ደስ ይላል። የመራጊው የእጅ አሻራ ላዩ ላይ ይቀራል፤ ከጎን የገባ ብርሃን ሲያርፍበትም ይታያል።

ስለ ብርሃን ካነሳን፣ የአውሮፓ ልማድ የሰዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላል፤ እዚያ ቀጥተኛ ፀሐይ በሰሜን በኩል እምብዛም አትገባምና። ጅማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ 7.7 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ደግነቱ ከዚህ ውስጥ ብዙው ክረምት ነው፤ ደመናው ራሱ መጋረጃ ይሆናል። ለሚያዝያና ለግንቦት ግን ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ማለት አለበት።

ያው ጣሪያ ዝናቡንም ይመልሳል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ ጭቃ ግድግዳ ከሚታገሠው በላይ ነው። መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ይበል። እርጥበት ሸራን ያሻግታል፤ ሥዕል ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ አይቀመጥ፣ ነፋስ ይለፍበት። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ደግሞ ጆሮ ያደነቁራል። ስለዚህ ሸራው በሚቆምበት በኩል ኮርኒስ ይሠራል። አንዱን ጥግ ግን ያለ ኮርኒስ መተው ጥሩ ነው። ዝናቡን መስማት ያማረው ቀን፣ ሰዓሊው ቡናውን እዚያ ይጠጣል።