ድሬዳዋና ሐዲዷ ከእንግሊዝ ጦር እጅ የወጡበት ድርድር

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስለከበደ ባቡሩ ከግርጌው ቀረ፤ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ በኩል ከዚራ፣ በሌላው መጋላ። ጣቢያውና በዛፍ የተሸፈኑት ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ከዚራ ናቸው። ድሬን መያዝ የፈለገ ጦር ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነበር።

መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አዛዦች ሥር የነበረ የደቡብ አፍሪካ ጦር ጣሊያንን ተከትሎ ድሬዳዋ ገባ። ሐረር ከጥቂት ቀናት በፊት ተይዛ ነበር። ጣሊያን ሄደ፤ ባቡሩ ግን ወደ ባለቤቱ አልተመለሰም።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴና የእንግሊዝ ተወካይ ሰር ፊሊፕ ሚቸል ስምምነት ፈረሙ። ወረቀቱ ኢትዮጵያን ነፃ አገር ይላታል። አብሮት የተፈረመው የጦር ውል ግን ሌላ ነው። ምድር ባቡሩ፣ በጅቡቲ ወሰን ላይ ያለው 25 ማይል ስፋት ያለው መሬትና ኦጋዴን በእንግሊዝ ጦር እጅ ይቆያሉ ይላል። ምክንያቱ ጦርነቱ ነበር፤ ጅቡቲ ያኔ ለቪሺ ፈረንሳይ፣ ከጀርመን ጋር ለተባበረው የፈረንሳይ መንግሥት፣ ታማኝ ነበረች። መንግሥት ደግሞ ገንዘብ አልነበረውም። እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሰጥ ቃል ገባች። ባዶ ካዝና ይዞ መደራደር ከባድ ነው፤ ያንን ፊርማ ስናይ ይህን መርሳት የለብንም።

በታኅሣሥ 1935 ጅቡቲ ከእንግሊዝ ጎን ወደ ቆመችው ነፃዋ ፈረንሳይ ዞረች። የእንግሊዝ ሰበብ ሳሳ። ኢትዮጵያም ቀኗን ጠበቀች። ስምምነቱ የሁለት ዓመት ነበር፣ ከዚያ በሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ሊፈርስ ይችላል። ግንቦት 17 ቀን 1936 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያው ተሰጠ። ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ ያለ ጥይት፣ እንግሊዞቹ በራሳቸው ውል አንቀጽ ነው የተያዙት።

ሎርድ ደ ላ ዋር የሚመሩት የእንግሊዝ ልዑክ አዲስ አበባ መጣ። ክርክሩ ረዘመ። ኦጋዴንን እንግሊዝ መልቀቅ አልፈለገችም፤ ባቡሩ ላይ ግን ለዘበች። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. ሎርድ ደ ላ ዋርና በኢትዮጵያ በኩል ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው አዲሱን ስምምነት ፈረሙ። የእንግሊዝ ወታደራዊ ቁጥጥር ከሐዲዱ ላይ ተነሳ። እነሱ በያዙት በቀረው መሬት ላይም የኢትዮጵያ ሉዓላዊነት እንዳልተነካ በጽሑፍ ሰፈረ። ይህች ሐረግ በኋላ ብዙ ሠርታለች።

የድሬ ጉዳይ እዚህ አለቀ። የምሥራቁ አላለቀም። አብዛኛው ኦጋዴን ከጅግጅጋ ጋር በ1941 ዓ.ም. ተመለሰ። ሐውድና «የተከለለው አካባቢ» የሚባሉት በእንግሊዝ እጅ የቀሩ መሬቶች ደግሞ በኅዳር 1947 ሌላ ስምምነት ተፈርሞ፣ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ለኢትዮጵያ ተመለሱ።