ፈታኙም ይሠለጥናል፦ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሠራተኞች ለስቴት ፈተና እንዴት ይዘጋጃሉ?

አሜሪካ ውስጥ ኤፕሪልና ሜይ የፈተና ወቅት ናቸው። ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። «ነገ ፈተና አለ፤ ልጅዎ በጊዜ ይተኛ፣ ቁርስ በልቶ ይምጣ፣ ክሮምቡኩን ቻርጅ ያድርግ» የሚል መልእክት ከትምህርት ቤቱ ይደርሳል። ወላጅ የማያየው ሌላ ዝግጅት ግን ከወራት በፊት ተጀምሯል። ፈታኞቹም ይሠለጥናሉ። ከመካከላቸው ራሳቸው ፈተና የሚወስዱም አሉ። ከዚያ በኋላ የፈተናውን ሕግ እንደሚያከብሩ ይፈርማሉ።

የነገሩ ሥር የፌዴራል ሕግ ነው። በ2002 የጸደቀው «ማንም ልጅ ወደኋላ አይቀርም» የተባለው ሕግ፣ በኋላም በ2015 የተተካበት አዲሱ ሕግ፣ ስቴቶች ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ንባብና ሒሳብ እንዲፈትኑ ያስገድዳሉ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ። ሳይንስም በሦስት እርከኖች አንድ አንድ ጊዜ ይፈተናል። ሕጉ ከተማሪዎቹ ቢያንስ 95 በመቶው እንዲፈተኑ ይጠብቃል። የፈተናው ዓይነት ግን የስቴቱ ምርጫ ነው። ቨርጂኒያ ኤስኦኤል የሚባለውን ከ1998 ጀምሮ ትፈትናለች። ሜሪላንድ ኤምካፕ አላት። ቴክሳስ ስታር የሚባለውን ትሰጣለች፤ ነገር ግን በ2025 ባወጣችው ሕግ ከ2027-28 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሦስት አጫጭር ፈተናዎች ልትተካው ወስናለች።

ሰንሰለቱ ረጅም ነው። ከላይ የስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት አለ። ከሥሩ በየዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ አንድ የፈተና አስተባባሪ ይቀመጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ማለት 24 ቦታ ነው፤ 23ቱ ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ። የዲስትሪክቱ አስተባባሪ ከስቴቱ የተሰጠውን ሥልጠና ወስዶ የየትምህርት ቤቱን አስተባባሪዎች ያሠለጥናል። የትምህርት ቤቱ አስተባባሪ ብዙ ጊዜ ምክትል ርዕሰ መምህር ወይም ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ነው፤ ሌላው ሥራው አልቀረለትም። እሱም መምህራኑን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ላይብረሪ ሰብስቦ ስላይድ ያሳያቸዋል። ከመምህሩ ቀጥሎ ፕሮክተር የሚባለው ረዳት ፈታኝ አለ። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ረዳት አስተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ነው። ከእኛ ሰውም በዚህ ሥራ ላይ ያለ አለ።

እዚህ ላይ ትዝብቴን ላስገባ። ሥልጠናው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወርድ፣ ላይ ጠላ የነበረው ታች ሲደርስ ቅራሪ ይሆናል። የዲስትሪክቱ አስተባባሪ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነብባል። ፕሮክተሩ ግን በጥድፊያ የተሰጠችውን አንድ ገጽ ይዞ ሊገባ ይችላል። ከልጆቹ ጋር ክፍል ውስጥ የሚቆመው ደግሞ እሱ ነው። ጥሩ ዲስትሪክቶች ይህን ስለሚያውቁ ሥልጠናውን በቪዲዮ ያዘጋጃሉ፤ መጨረሻው ላይ ጥያቄ ይጨምሩበታል፤ ያላለፈ ሰው ፈተና ክፍል አይገባም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? አገር ቤት የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲሰጥ ፈታኙ ከሌላ ቦታ ይመጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይማ ተፈታኞቹ ራሳቸው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው ነው የተፈተኑት። ጥበቃው ሰውን ከሰው በማራቅ ላይ የቆመ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ልጁ የሚፈተነው በራሱ ትምህርት ቤት፣ ብዙ ጊዜም በራሱ መምህር ፊት ነው። መምህሩ ልጁን ይወደዋል፤ እንዲያልፍለትም ይፈልጋል። ስለዚህ ጥበቃው የተጣለው በሥልጠናውና በፊርማው ላይ ነው።

ሥልጠናው ውስጥ ብዙ ቦታ የሚወስደው ክፍሉን ማዘጋጀት ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የማባዣ ሠንጠረዥ ካለ ይነሳል ወይም በወረቀት ይሸፈናል። የቃላት ዝርዝር፣ የሰዋስው ፖስተር፣ የሒሳብ ቀመር፣ ሁሉም ይሸፈናል። ማን የት እንደተቀመጠ በቻርት ይመዘገባል። ስልክና ስማርት ሰዓት ይሰበሰባል። የልጁ መግቢያ ኮድ ያለበት ትንሽ ወረቀት «ቲኬት» ይባላል። አስተባባሪው ቲኬቶቹን ቆጥሮ ያስፈርማል፣ መምህሩ ቆጥሮ ይረከባል፣ ሲያልቅም ቆጥሮ ይመልሳል። ልጁ የቸከቸከበት ብጣሽ ወረቀት ሳይቀር ይመለሳል። አንዲት ቲኬት ከጠፋች ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል።

ከዚያ ንባቡ ይመጣል። መምህሩ በእጁ የተሰጠውን መመሪያ ቃል በቃል ያነባል። መጨመር የለም፣ ማሳጠርም የለም። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጅ የምትሰማውን፣ ተራራማው ጋሬት ካውንቲ ያለውም ልጅ እንዲሰማ ነው። ካልሆነ ውጤታቸውን ማወዳደር አይቻልም።

ለመምህር በጣም የሚከብደው ግን ዝም ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ «እስቲ እንደገና አስበው» ሲል የከረመ ሰው፣ ያን ቀን ይህንኑ ማለት አይችልም። ልጅቷ እጇን አውጥታ «ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» ብትል መልሱ «በዚህ ልረዳሽ አልችልም፤ የምትችዪውን ሞክሪ» ብቻ ነው። ጣት መቀሰር፣ ቅንድብ ማንሳት፣ የተሳሳተ መልስ አጠገብ ቆም ብሎ መተንፈስ፣ ሁሉም እንደ እርዳታ ይቆጠራል። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ደብተር ማረምም አይፈቀድም። መምህሩ እየተዘዋወረ ይቆጣጠራል፤ ጥያቄዎቹን ግን አያነብም። ይህ እንዴት እንደሚቻል የሞከረ ያውቀዋል።

ልዩ ድጋፍ የሚገባቸው ተማሪዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ሥልጠና ነው። አካል ጉዳት ያለባቸውና አይኢፒ የሚባለው ለየልጁ የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ ያላቸው፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉም አሉ። ለአንዱ ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀዳል፣ ለሌላው ጥቂት ልጆች ያሉበት ክፍል፣ ለሌላው ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው። አንባቢው ድምፁን እኩል አድርጎ እንዲያነብ ይለማመዳል። ሦስቱን ምርጫ በተራ ድምፅ አንብቦ አራተኛውን ሞቅ ካደረገው መልሱን ነግሮታል ማለት ነው። በንባብ ፈተና ላይ ደግሞ ምንባቡን ማንበብ ፈተናውን ራሱን ስለሚያጠፋው የሚፈቀደው በጠበቀ መስፈርት ነው። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላትም በብዙ ስቴቶች ይፈቀዳል፤ ግን ቃልን በቃል ብቻ የሚተረጉም እንጂ ፍቺ የሚያብራራ መሆን የለበትም።

ለእኛ ቤተሰቦች በቅርብ የሚያገባን ሌላ ፈተና አለ። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚነገርበት ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የእንግሊዝኛ ችሎታው ሊመዘን ይችላል። «እንግሊዝኛ ተማሪ» ተብሎ ከተመደበ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል፣ ከምድቡ እስኪወጣ ድረስ፣ በየዓመቱ ይፈተናል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታና ዋሽንግተን ስቴት የሚጠቀሙት ዊዳ የተባለው ተቋም ያዘጋጀውን አክሰስ የሚባል ፈተና ነው፤ ተቋሙ የሚገኘው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ማዲሰን ነው። ፈተናው ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ይለካል። ፈታኙ የኦንላይን ሥልጠና ወስዶ በጥያቄዎቹ 80 በመቶ ካላመጣ መፈተን አይችልም። ትንንሾቹን የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንድ ለአንድ ነው የሚፈትነው። ትልልቆቹ ደግሞ በማይክሮፎን ይናገራሉ፤ ማይክሮፎኑ ካልሠራ ወይም የጎረቤቱ ድምፅ ከገባበት ልጁ ያለውን ችሎታ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ፈታኞቹ መሣሪያውን መፈተሽና ልጆቹን አራርቆ ማስቀመጥም ይማራሉ።

የፈተና ጥበቃ እንዲህ እንዲጠብቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የአትላንታው ቅሌት ነው። አትላንታ ባለችበት በጆርጂያ ስቴት የ2009 ፈተና ላይ ከስህተት ወደ ትክክል የተቀየሩ መልሶች ቁጥር ከልክ በላይ መሆኑን የማሽን ቆጠራ አሳየ። በ2011 የወጣው የስቴቱ የምርመራ ሪፖርት በ44 ትምህርት ቤቶች 178 አስተማሪዎችና ኃላፊዎች እጃቸው እንዳለበት ገለጸ። ቅዳሜና እሁድ ቤት ውስጥ ተሰብስበው የልጆችን መልስ በላጲስ ያስተካከሉም ነበሩ። በ2015 ዓቃቤ ሕግ ማፊያን ለመክሰስ በሚጠቀምበት ዓይነት ሕግ 11 ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ። ሥልጠና ቢያገኙ ኖሮ ይተዉት ነበር ማለት አይደለም፤ መስረቅ ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር። ከላይ የነበረው የውጤት ጫና ነው ያሳበዳቸው። ከዚያ ወዲህ ግን የሥልጠናው አንድ ክፍል «ያየኸውን እንዴት ሪፖርት ታደርጋለህ» የሚለው ሆኗል።

ፈተናው ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ላጲሱ ቀረና ሌላ ራስ ምታት መጣ። ቴነሲ በፌብሩዋሪ 2016 አዲሱን የኦንላይን ፈተና የጀመረችው ዕለት ሲስተሙ ወደቀ። ስቴቱ ወደ ወረቀት ዞረ፤ ወረቀቱም በጊዜ ሳይደርስ ቀረና ከኩባንያው ጋር የነበረው ውል ተቋረጠ። በ2018 በሌላ ኩባንያ ተሞክሮ እንደገና ተስተጓጎለ። መጀመሪያ የሳይበር ጥቃት ነው ተባለ፤ ሲመረመር ኩባንያው ያለ ስቴቱ ፈቃድ ሲስተሙ ላይ ያደረገው ለውጥ ሆኖ ተገኘ። አሁን ዲስትሪክቶች ከፈተናው ሳምንታት በፊት ሁሉንም ኮምፒውተር አስከፍተው በልምምድ ፈተና ኔትወርኩን ይሞክራሉ። የአይቲ ሠራተኛውም ከመምህራኑ ጋር አብሮ ይሠለጥናል።

እንዲያም ሆኖ በፈተና ቀን የሆነ ነገር ይበላሻል። የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል ይጮኻል፣ ልጅ ያስመልሳል፣ ተማሪ የጓደኛውን ቲኬት ይዞ ይገባል። ሥልጠናው ለእነዚህ አንድ ዓይነት መልስ አለው፤ ሰዓቱን መዝግብ፣ የልጆቹን ደኅንነት አስቀድም፣ ለአስተባባሪው ደውል፣ በራስህ አትወስን። አስተባባሪው በዚያው ቀን ሪፖርት ጽፎ ወደ ዲስትሪክቱ ይልካል። ልጁ ይቀጥል፣ በሌላ ቀን ይፈተን ወይስ ውጤቱ ይሰረዝ የሚለው ክፍሉ ውስጥ ባለው መምህር አይወሰንም። ወላጅም ልጁ የተፈቀደለት ድጋፍ በፈተናው ዕለት ሳይሰጠው ከቀረ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትምህርት ቤቱን የፈተና አስተባባሪ ነው።