«አደገኛ ዛፍ» ምንድን ነው? የታመመ ዛፍ ማለት አይደለም

«ዛፉ ታሟል፣ ስለዚህ አደገኛ ነው፣ ይቆረጥ።» ክረምት ሊገባ ሲል ይህችን አባባል ሁሌም እሰማታለሁ። ዘንድሮ ግን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ያውም በባለሙያነት ሬዲዮ ላይ ተጋብዞ፣ በሙሉ አፉ ደገማትና ትዕግሥቴ አለቀ። እሱ እንዳለው ከሆነ ቅጠሉ የጠወለገ፣ ግንዱ ላይ እንጉዳይ ያበቀለ ወይም ተቀጽላ የወጣበት ዛፍ ሁሉ «አደገኛ ዛፍ» ነው። ለምለሙ ደግሞ ሐሳብ አይግባችሁ። ሁለቱም ስህተት ነው። ሁለተኛው ግን ሰው ይገድላል።

ዛፍ ለምን እንደሚታመም እዚህ አልዘረዝርም። ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አደገኛ ዛፍ የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። ዛፉ ወይም ቅርንጫፉ የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ሲወድቅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሰው ወይም ንብረት መኖር አለበት። የሚያደርሰውም ጉዳት ቀላል የማይባል መሆን አለበት። ዓለም አቀፉ የአርቦሪካልቸር (የዛፍ እንክብካቤ ሙያ) ማኅበር ገምጋሚዎችን የሚያሠለጥነው በእነዚሁ ነጥቦች ነው። በሽታ ከሦስቱ ውስጥ የለም። የሚመጣው የመጀመሪያውን ጥያቄ ስንመልስ ነው፣ እሱም አንዳንዴ ብቻ።

እስቲ ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። አንዱ ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሞተሩም እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ሻንሲው ግን ከሥር ዝጎ አልቋል። ሌላው ዳገት ላይ ያስላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሻንሲውና ፍሬኑ ግን ደህና ነው። አውራ ጎዳና ላይ ሰው የሚጨርሰው የቱ ነው? ቅጠል ሞተር ነው። ዛፉ ምግብ እየሠራ መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ ስለ ሻንሲው ማረጋገጫ አይሰጥም። ሻንሲው ግንዱና ሥሩ ነው። የሬዲዮው ሰውዬ ጭሱን አይቶ «ፍሬን የለውም» እያለ ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ዛፍ ከተሠራበት መንገድ ነው። ግንዱ ውስጥ በሕይወት ያለውና ውኃ የሚያሳልፈው ከቅርፊቱ ሥር ያለው የውጭው ክፍል ነው። መሀሉ፣ ልቡ የምንለው፣ የሞተ እንጨት ነው። ስለዚህ ልቡ ተበልቶ ያለቀ ዛፍ ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ሊኖር ይችላል። በተቃራኒው ቅጠሉን ዋግ ወይም አመድ የመሰለ ፈንገስ ያለበሰው ዛፍ ግንዱ ብረት ሊሆን ይችላል። ተቀጽላም ያው ነው። የያዘውን ቅርንጫፍ ያደክማል፣ ሊያደርቀውም ይችላል፣ እሱ ቅርንጫፍ ይቆረጥ። ዛፉን ከነሥሩ ገንድሶ አይጥለውም።

ደግሞ ባዶ ግንድ ሁሉ ደካማ አይደለም። ነፋስ ግንድን ሲያጎብጥ ዋናውን ጫና የሚሸከመው የውጭው እንጨት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ወርዱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ግንድ መሀሉ ላይ 42 ሳንቲሜትር ባዶ ቢሆን፣ ማለትም የወርዱ 70 በመቶ ቢጎድል፣ የሚያጣው የመጉበጥ ጥንካሬ ወደ 24 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ባዶው 54 ሳንቲሜትር ሲደርስ ግን ኪሳራው ወደ 66 በመቶ ይዘላል። የዛፍን ጥንካሬ ያጠናው ጀርመናዊ ተመራማሪ ክላውስ ማቴክ ያስፋፋው ደንብ ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ የቀረው ጤነኛ ግድግዳ ውፍረት ከግንዱ ሬዲየስ (ከወርዱ ግማሽ) 30 በመቶ በታች ሲወርድ ተጠንቀቁ። ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ደንብ በእኛ በዛፍ ገምጋሚዎች ሙያ ውስጥ ራሱ ብዙ አጨቃጭቋል። ቀዳዳው በአንድ ጎን ወደ ውጭ የተከፈተ ከሆነ ሒሳቡ ይበላሻል። አናቱ ያነሰ አሮጌ ዛፍ ደግሞ ከዚያ በቀጠነ ግድግዳ ቆሞ ይኖራል።

ብዙ ሰው ከኢንተርኔት የሚያወርደው መመሪያ ኦክ ስለሚባለው የፈረንጅ ዛፍ የተጻፈ ስለሆነ ስለ እሱም አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝ አገር ሊንከንሻየር ውስጥ ቦውቶርፕ በሚባል ቦታ አንድ የታወቀ የኦክ ዛፍ አለ። ዕድሜው ከ1000 ዓመት በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ውስጡ ባዶ ነው፣ ባዶነቱም ትንሽ አይደለም፣ በአንድ ወቅት ሰዎች ውስጡ ገብተው ማዕድ ይቆርሱበት ነበር። ዛሬም ቆሟል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የኦክን ውኃ ማስተላለፊያ የሚዘጋ የፈንገስ በሽታ አለ። በተለይ ቀይ ኦክ የሚባሉትን በሳምንታት ውስጥ ሊያደርቅ ይችላል፣ በሥር ተያይዞም ወደ ጎረቤት ዛፍ ይሻገራል። እዚያ «የታመመ ኦክ ፈጥናችሁ አስወግዱ» ቢባል ምክንያት አለው፣ ዋናው ምክንያት ግን በሽታው እንዳይዛመት ነው። ያንን ምክር እንዳለ አምጥቶ ቀበና ያለ ግራቪሊያ ላይ መለጠፍ ምን ይባላል? የእንግሊዙ ኦክ ልብ ብስባሴን ለረጅም ጊዜ የሚቋቋም እንጨት ነው። ግራቪሊያ ቅርንጫፉ በነፋስ ቶሎ ይሰበራል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ነፋስ በሌለበት በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ትልቅ ቅርንጫፍ ጥሎ ቁጭ ይላል። እያንዳንዱ የራሱ ዓመል አለው።

በሽታ አይመለከተንም እያልኩ አይደለም። የሚመለከተን እንጨት የሚበላው ነው፣ እሱም የት ቦታ እንደሚበላና እንዴት እንደሚበላ። ከግንዱ ግርጌ ወይም ከሥሩ ላይ መደርደሪያ መስሎ የወጣ ጠንካራ እንጉዳይ ካያችሁ ቀልድ የለም። ጋኖደርማ የሚባለው ወገን እዚያ ቦታ ይወዳል፣ የሚበላውም መሠረቱን ነው። አንዳንዱ ፈንገስ የእንጨቱን ሴሉሎስ፣ ማለትም ክሩን፣ በልቶ ቡናማና ተሰባሪ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው እንጨት ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ይላል። ሌላው ክሩን አጣብቆ የሚያጠነክረውን ሊግኒን በልቶ ነጭና ለስላሳ ያደርገዋል። ይህኛው ብዙ ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ያብጣል፣ ምልክት ይሰጣል። ሁልጊዜ አይደለም። የአገራችን ጽድም ልቡን በኪስ በኪሱ የሚቦረቡር የራሱ ፈንገስ አለው፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ዛፉ ምንም የሆነ አይመስልም። እንጉዳይ አለመታየቱም ማረጋገጫ አይሆንም፣ ፈንገሱ ውስጥ ለውስጥ ዓመታት ሠርቶ ፍሬውን ላያወጣ ይችላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ዛፍ የታመመው አይደለም። ለምለም ሆኖ ሥሩ የተቆረጠው ነው። አራት ኪሎም ሂዱ፣ ካዛንቺስም፣ ፒያሳም፣ አሮጌ ግቢ ሁሉ ተቆፍሯል። ለአጥር መሠረት፣ ለፍሳሽ መስመር፣ ለሰርቪስ ቤት፣ ለመንገድ ማስፋፊያ። አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው ላይኛው 60 ሳንቲሜትር አካባቢ አፈር ውስጥ ነው። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላም አልፎ። የእንግሊዞቹ የግንባታ ደረጃ ከግንዱ ወርድ 12 እጥፍ ርቀት ድረስ አትንኩ ይላል። ወርዱ 50 ሳንቲሜትር ለሆነ ዛፍ 6 ሜትር መሆኑ ነው። በስንቱ ግቢያችን 6 ሜትር አለ? ቆፋሪው በዶማ ሥሩን በጥሶ፣ አፈር መልሶ፣ ታይል አንጥፎበት ይሄዳል። ዛፉ ካጠራቀመው ስንቅ እየበላ፣ በቀረው ሥሩ ውኃ እየጠጣ ለምልሞ ይከርማል። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲላላ፣ በተለይ መረሬ ከሆነ፣ አንድ ኃይለኛ ነፋስ ይበቃዋል።

ካዛንቺስ አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ ያሉ ሁለት ዛፎች እንዲታዩላቸው ጠርተውኝ ነበር። አንዱ የፈረንጅ ጽድ ነው፣ ግማሽ ጎኑ ቡናማ ሆኗል። የፈረንጅ ጽድን እየመጠጠች የምታደርቅ ቅማል አለች፣ የእሷ ሥራ ይመስላል። ሌላው አንጀት የሚያርስ ግራቪሊያ ነው፣ ከጎረቤት በኩል አዲስ አጥር ተሠርቶ ከግንዱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት መሠረት ተቆፍሯል። እማማ ጽዱን እያሳዩኝ «ልጄ፣ ይሄ የሞተው ይነሳልኝ፣ ያኛው ለምለሙ እንኳ ምን ይሆናል» አሉኝ። ጽዱ የሚያርፈው የአትክልት ቦታቸው ላይ ነው። ግራቪሊያው የሚያርፈው ልጆች የሚተኙበት ሰርቪስ ቤት ቆርቆሮ ላይ ነው። «እማማ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ለምለሙ ነው» ስላቸው ገንዘብ ፈልጌ የምቀባጥር መሰላቸው መሰለኝ።

እዚህ ላይ ታክሲውን መልሼ ላምጣው። ሻንሲው የዛገው ሚኒባስ ሰው በሌለበት ሜዳ ቢቆም ማንን ይጎዳል? ማንንም። ተሳፋሪ ሲኖር ነው ችግሩ። ዛፍም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ መፍትሔው ዛፉን ሳይሆን ተሳፋሪውን ማንሳት ነው። አልጋውን ወደ ሌላ ክፍል ማዞር፣ መኪናውን ከሥሩ አለማቆም፣ የልጆች መጫወቻውን ማራቅ። ርካሽ ነው፣ ማንም ግን አያስበውም። ቦሎ እንዳለም አትርሱ። መኪና ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ቢለጥፍም በማግሥቱ ከጉድጓድ ጋር ከተላተመ ቦሎው አያድነውም። የዛፍ ግምገማም የዚያ ቀን ግምገማ ነው። ከዚያ በኋላ ከተቆፈረ ወይም ከባድ ወጀብ ካለፈ እንደ አዲስ ይታያል። ንጽጽሩ የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሚኒባስ ሻንሲውን ራሱ አይበይድም፣ ዛፍ ግን ጫና ባለበት ቦታ እንጨት ይጨምራል። አሌክስ ሺጎ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ስፍር ቁጥር የሌለው ግንድ ሰንጥቆ እንዳሳየው፣ ዛፍ ቁስሉን እንደኛ አያድንም፣ የበሰበሰውን አጥሮ ከውጭ አዲስ እንጨት ይሠራል። ስለዚህ ለዘመናት ያዘነበለና አናቱን ወደ ላይ ያቀና ዛፍ ብዙም አያስደነግጠኝም። ዘንድሮ ማዘንበል የጀመረ፣ ካዘነበለበት ተቃራኒ በኩል አፈሩ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ ግን ሰዎቹን ዛሬውኑ አስነሱ።

ቀዳዳውን በሲሚንቶ መሙላትም ተዉት። ግንዱ በነፋስ ሲወዛወዝ ሲሚንቶው አብሮ አይጎብጥም፣ እርጥበት ይይዛል፣ በኋላም የቆራጩን ሰንሰለት መጋዝ ይሰብራል። ኖራ መቀባት ለዓይን ነው። «እንዳይወድቅ» ብሎ አናቱን መጨፍጨፍ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ከተቆረጠው ጉቶ ላይ የሚወጣው አዲስ ቅርንጫፍ የሚይዘው ከላይ ከላይ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ከብዶ ይገነጠላል። ያኔ በሽታ ነው ይባላል።

ለግምገማ የሚመጣ ሰው አናቱን አንጋጦ አይቶ ብቻ ከፈረደ አትክፈሉት። ጎንበስ ብሎ ግርጌውን ያያል፣ ግንዱን በመዶሻ እየዞረ ይመታል፣ ባላው ላይ ሁለቱ ግንዶች በመሀላቸው ቅርፊት ውጠው እንደሆነ ይመረምራል፣ «እዚህ ቦታ የተቆፈረው መቼ ነው? ከዛፉ ሥር ማን ይተኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጭን መሰርሰሪያ ወይም በድምፅ የግንዱን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ካለው ጥሩ ነው፣ ሁለቱም ግን የሚያሳዩት የተለካውን ቦታ ብቻ ነው፤ ሥሩን አያሳዩም።

ይቆረጥ ከተባለም መጀመሪያ ወረዳ ሄዳችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። ቅርንጫፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነክቶ ወይም ተጠግቶ ከሆነ ደግሞ መብራት ኃይል መጥቶ መስመሩን ሳያጠፋ ማንም መሰላል አያቁም። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሥሩ የቆመውም ሰው ያገኘዋል።