ብርቅ ቢራና የአየር ባየር ገበያው፦ የቬስትፍሌተረን 12 ጉዳይ

ጥቂት ብቻ የሚጠመቅ ቢራ ከጠማቂው በር ላይ ይገዛል፤ ከዚያም ሳይከፈት በኢንተርኔት በብዙ እጥፍ ዋጋ ተመልሶ ይሸጣል። ሻጩ ብቅል አላበቀለም፣ እርሾ አልጣለም፣ ሱቅም የለውም። በእኛ አነጋገር አየር ባየር ነው። ይህ ንግድ የቢራ ወዳጆችን፣ ጠማቂዎችንና ሕግ አስከባሪዎችን ካነታረከ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክርክሩ ከየትም ይልቅ ጎልቶ የታየው ደግሞ በአንድ የቤልጅየም ገዳም ዙሪያ ነው።

ገዳሙና ቢራው

የቅዱስ ሲክስቶስ ገዳም በምዕራብ ፍላንደርስ፣ ቬስትፍሌተረን በምትባል መንደር አጠገብ በሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ ተክል) ማሳዎች መካከል ይገኛል። የተመሠረተው በ1831 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ጠመቃ የተጀመረውም በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። መነኮሳቱ ትራፒስት የተባለው የካቶሊክ የምንኩስና ሥርዓት አባላት ናቸው። አንድ ቢራ የትራፒስት ምርት የሚል ማኅተም የሚያገኘው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው፦ በገዳሙ ቅጥር ውስጥ መጠመቅ አለበት፣ ሥራውን መነኮሳቱ መሥራት ወይም መቆጣጠር አለባቸው፣ ገቢውም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለበጎ አድራጎት መዋል አለበት።

የሚጠመቀው ሦስት ዓይነት ነው። ብሎንድ የሚባለው 5.8 በመቶ አልኮል አለው፤ ቆርኪው አረንጓዴ ነው። ሰማያዊ ቆርኪ ያለው ስምንት ቁጥር ሲሆን አልኮሉም 8 በመቶ ነው። ቢጫ ቆርኪ ያለው 12 ቁጥር ጠቆር ያለ፣ ወፍራምና 10.2 በመቶ አልኮል ያለው ነው፤ አየር ባየሩ በዋናነት የሚዞረው በዚህኛው ላይ ነው። ጠርሙሱ 33 ሳንቲ ሊትር ይይዛል። ለረጅም ጊዜ የወረቀት መለያ አልተለጠፈበትም፤ ሕጉ እንዲጻፍ የሚያዘው ሁሉ ተጨናንቆ ቆርኪው ላይ ይታተም ነበር። 24 ጠርሙስ የሚይዝ የእንጨት ሳጥን አለው፤ በቁጥር ከእኛ አገር የቢራ ሳጥን ጋር አንድ ነው።

የዓመቱ ምርት ወደ 6,000 ሄክቶሊትር ነው። ሲመነዘር 1.8 ሚሊዮን ጠርሙስ ገደማ፣ ማለትም 75,000 ሳጥን ይሆናል። ለአንድ ገዳም ብዙ ቢመስልም ለዓለም ገበያ ከምንም አይቆጠርም። መነኮሳቱ ይህን ቁጥር ገበያው ስለጠየቀ ብለው አያሳድጉትም። የሚጠምቁት ምንኩስናቸውን ለመደጎም ነው፤ ተጨማሪ ጠመቃ ከጸሎትና ከሌላው ሥራ ሰዓት ይወስዳል።

የበሩ ሽያጭ እንዴት ይሠራል

በ2005 ሬትቢር የተባለው የቢራ ደረጃ አውጪ ድረ ገጽ ቬስትፍሌተረን 12ን የዓለም ምርጥ ቢራ ብሎ መረጠው። ወሬው በጋዜጦች ሲዛመት መኪኖች በገጠሩ መንገድ ተሰለፉ፤ የገዳሙም ክምችት አለቀ። ወረፋው የጎረቤቱን መንገድ እንዳይዘጋ ሽያጩ በስልክ ቀጠሮ ሆነ። ደዋዩ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ይሰጣል፣ ቀንና ሰዓት ይቆረጥለታል፣ በቀጠሮው መጥቶ ሳጥኑን ይጭናል። በዚያው ሰሌዳና በዚያው ስልክ ቁጥር ድጋሚ ለመግዛት 60 ቀን መጠበቅ ግድ ነበር። ለአንድ መኪና የሚፈቀደው በጊዜው ቢለያይም ከጥቂት ሳጥን አይበልጥም ነበር። ደረሰኙ ላይም ቢራው ተመልሶ እንዳይሸጥ የሚያሳስብ ቃል ሰፍሯል።

የደንቡ ቀዳዳ የት እንዳለ ለማየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ሰሌዳ የሚቆጠረው በመኪና እንጂ በሰው አይደለም። አምስት ጓደኞችና አምስት መኪና ያለው ሰው በየሁለት ወሩ አምስት ድርሻ አለው። መደወል ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ጊዜ ያለው ወይም ሰው ቀጥሮ የሚያስደውል ይቀድማል፤ በሥራ ሰዓት ስልክ ላይ መዋል የማይችለው ቀርቶበታል። በሰኔ 2019 ገዳሙ ስልኩን ትቶ ወደ ድረ ገጽ የዞረው ለዚህ ነው። ገዢው አስቀድሞ ይመዘገባል፣ ሽያጭ ሲከፈት በኢንተርኔት ወረፋ ይገባል፤ ሥርዓቱም ከገዛ ብዙ የቆየውን ያስቀድማል። አየር ባየሩን አላጠፋውም፤ ደጋግሞ የሚገዛውን ግን ወደ ወረፋው ጭራ ይገፋዋል።

የአየር ባየሩ ስሌት ቀላል ነው። በ2010ሮቹ ማብቂያ የአንድ ጠርሙስ ቬስትፍሌተረን 12 ዋጋ በገዳሙ በር 2 ዩሮ አይሞላም ነበር። አንድ ሳጥን 45 ዩሮ ገደማ ተገዝቶ እያንዳንዱ ጠርሙስ በ10 ዩሮ ቢሸጥ 240 ዩሮ ይገባል። ከዚህ ላይ ነዳጅ፣ ካርቶን፣ የፖስታ ሒሳብና የሚሰበረው ጠርሙስ ይቀነሳል። ለአንድ ሳጥን የሚደክም ሰው ብዙም አያተርፍም፤ ትርፉ ያለው ከብዙ ሰው ሰብስቦ በጅምላ በሚያሳልፈው እጅ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሆነው የመጋቢት 2018 ጉዳይ ነው። ያን ሊንደርስ የተባለ የኔዘርላንድስ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት 300 ሳጥን፣ ማለትም 7,200 ጠርሙስ አግኝቶ አንዱን በ9.95 ዩሮ መደርደሪያ ላይ አወጣ። ገዳሙ ፈቃድ እንዳልሰጠና ዋጋውም ከልክ ያለፈ መሆኑን በይፋ ተናገረ። 300 ሳጥን ሁለት ሁለት እየሆነ ቢወጣ እንኳ 150 ጊዜ የተጫነ መኪና ይጠይቃል። አንድ ሰው ጉሮሮውን ሊያርስ ገዝቶ የተረፈውን ሸጠ የሚባልበት መጠን አይደለም።

ራሱ ገዳሙ ከደንቡ የወጣበት ጊዜም ነበር። ያረጀውን ሕንፃ ለማደስ ገንዘብ ሲያስፈልግ ስድስት ጠርሙስና ሁለት ብርጭቆ የያዘ፣ በጡብ አምሳል የተሠራ ጥቅል ተዘጋጀ። በኅዳር 2011 በቤልጅየም ኮልራውት ሱቆች በ25 ዩሮ ተሸጠ፤ ወዲያውም አለቀ። በታኅሣሥ 2012 ጥቅሉ አሜሪካ ሲደርስ ዋጋው 85 ዶላር ገደማ ነበር። አየር ባየሮች ይህን እንደ መከራከሪያ ያነሱታል፤ ‹ገዳሙም ሲፈልግ በውድ ይሸጣል› ይላሉ። ነገር ግን የዚያ ጊዜው ጭማሪ ለጣሪያና ለግድግዳ ዋለ፤ የገዛውም ሰው ምን እንደሚያሠራ አውቆ ከፍሏል።

ክርክሩ

የአየር ባየር ተከላካዮች ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ቬስትፍሌተረን ድረስ መንዳት የማይችል የቶኪዮ ወይም የቺካጎ ሰው ቢራውን የሚያገኘው በእነሱ በኩል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው በፈቃዱ የከፈለው ዋጋ እውነተኛ ዋጋ ነው። ሦስተኛ፣ የበሩ ዋጋ ዝቅ ማለቱ ራሱ አድልዎ አለበት፤ ገንዘብ ያለውን ትቶ ጊዜና መኪና ላለው ያደላል።

የመጀመሪያው ክብደት አለው፤ ሦስተኛውም እውነት አለበት። ሁለተኛው ግን ዝቅተኛውን ዋጋ እንደ ስሌት ስህተት ያየዋል። ገዳሙ 10 ዩሮ ማስከፈል እንደሚችል ያውቃል። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጠው የመንደሩ ገበሬም ገዝቶ እንዲጠጣው ስለፈለገ ነው። አየር ባየሩ ያንን ልዩነት ሲወስድ ለሌላ ሰው የተተወ ነገር እየወሰደ ነው። በ1900 ብራስልስ ውስጥ የተመሠረተው፣ ላምቢክ የተባለውን ኮምጣጣ ቢራ የሚጠምቀው ካንቲዮንም በዚሁ ምክንያት ዳግም ሽያጭን በግልጽ ይቃወማል፤ አንዳንድ ቢራዎቹን የሚሸጠው እዚያው ተከፍተው እንዲጠጡ ብቻ ነው። የተከፈተ ጠርሙስ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የሕግ ጥያቄም ነው። ያለ ፈቃድ አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ የአገሪቱ ፖስታ ቤትም አልኮል አይቀበልም። የግል አመላላሾቹ የሚወስዱት ፈቃድ ካለው ላኪ ብቻ ነው። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ ለዓመታት የተሠራበት ዘዴ ፈገግ ያሰኛል፦ ሻጩ ‹የምሸጠው ለስብስብ የሚሆን ጠርሙስ ነው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ዋጋ የለውም› ብሎ ይጽፋል። ሙሉው ጠርሙስ በመቶ ዶላር፣ ባዶው ደግሞ በሁለት ዶላር ሲሸጥ ማን ማንን እንደሚያታልል ግልጽ ነበር። ድርጅቱ በ2012 ይህን በር ዘጋው። ገበያው ወደ ዝግ የማኅበራዊ መገናኛ ቡድኖች ገባና ዕጣ ሆነ፦ 500 ዶላር ለተገመተ ጠርሙስ 50 ሰው አሥር አሥር ዶላር ያዋጣል፣ አንዱ ይወስዳል። ይህ ደግሞ ያለ ፈቃድ በመሸጥ ላይ ያለ ፈቃድ ቁማር ይጨምርበታል።

በ2013 ቨርሞንት ውስጥ አንዲት ሻጭ አምስት ካርቶን ሄዲ ቶፐር በ825 ዶላር በኢንተርኔት ለሽያጭ አውጥታ ገዢ መስሎ በቀረበ የመንግሥት ሰው ተይዛለች። ይህ ቢራ ዘ አልኬሚስት በተባለ አነስተኛ ጠማቂ የሚሠራ፣ 8 በመቶ አልኮል ያለው፣ በቆርቆሮ የሚታሸግ ነው። በዚያው ዓመት ጠማቂው በዋተርበሪ ያለውን መሸጫውን ዘጋ፤ ከሩቅ የሚመጣው መኪና ብዛት ጎረቤቱን አማርሮ ነበር።

ጠርሙሱ ውስጥ ምን ይበላሻል

ክርክሩ ስለ ዋጋ ብቻ ይመስላል። ገዢውን የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ቢራው ከበሩ ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ነገር ነው።

ቬስትፍሌተረን 12 ጠርሙሱ ውስጥ እርሾ አለው፤ በጨለማና በ12 ዲግሪ አካባቢ ቀጥ ብሎ ቢቀመጥ ለዓመታት ይበስላል። ይኸው ጠርሙስ በሐምሌ ሙቀት ሁለት ሳምንት መጋዘንና ፖስታ መኪና ውስጥ ቢከርም ነገሩ ይለወጣል። ሙቀቱ የኦክሲጅንን ሥራ ያፋጥነዋል፤ ቢራው የረጠበ ካርቶን ጣዕም ይይዛል። እርሾው ሲሞት ደግሞ የሥጋ መረቅ የሚመስል ሽታ ይተዋል። በመንገድ የተናወጠ ጠርሙስ ወዲያው ከተከፈተ አረፋው ገንፍሎ አተላውን ከታች ያነሳዋል። ስለዚህ የተላከ ጠርሙስ ቢያንስ ሁለት ቀን ቆሞ እንዲረጋ ይደረጋል፤ ሲቀዳም የመጨረሻዋ ጣት የምታህል ከነአተላዋ ትቀራለች።

ሄዲ ቶፐርን የመሰለ የሆፕ ቢራ ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ መቆየት ይገድለዋል። በሙቀት ያልታከመና ያልተጣራ ስለሆነ ከጠማቂው እስከ ጠጪው ሳይሞቅ መድረስ አለበት። የሆፑ መዓዛ በሳምንታት ውስጥ መድከም ይጀምራል። ዋጋ ይጨምራል ብሎ ሁለት ወር ያስቀመጠ ሻጭ የሸጠው ስሙን ብቻ ነው።

ጉስ አይላንድ የተባለው የአሜሪካ ጠማቂ በ2015 ያወጣው በርቦን ካውንቲ ሌላ ትምህርት ነው። በውስኪ በርሜል የተቀመጠው ይህ ከባድ ጥቁር ቢራ አንዳንዱ ላክቶባሲለስ በተባለ ባክቴሪያ ተበክሎ ኮምጥጦ ተገኘ። ኩባንያው ገንዘብ እመልሳለሁ አለ፤ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮም ቢራውን በሙቀት ማከም ጀመረ። ከአየር ባየር በሦስት እጥፍ የገዛው ሰው ግን የሱቅ ደረሰኝ የለውም፤ የከፈለውን ጭማሪም ኩባንያው አያውቀውም።

ማጭበርበርም አለ። መለያ የሌለው የቬስትፍሌተረን ጠርሙስ ማንነቱ ያለው ቆርኪው ላይ ነው፤ ቆርኪ የሚያትም የእጅ መሣሪያ ደግሞ በርካሽ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የቆርኪው ጠርዝ ነው። ሁለት ጊዜ የተመታ ቆርኪ ጥርሶቹ እኩል አይሆኑም፣ ቀለሙም ይፋቃል። ቀጥሎ የቆርኪው ቀለምና ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ይመሳከራል፤ ቀኑ ይነበባል። ሁሉም ጠርሙሶች የተሞሉት እኩል ከፍታ ላይ መሆኑም ይታያል፤ አንዱ ጎደል ካለ ወይ ይተናል ወይ ተነክቷል። ቢጫ ቆርኪ ያለው ጠርሙስ ወደ ብርሃን ሲዘነብል ታችኛው ላይ ምንም አተላ ከሌለ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ጠማቂዎች የሞከሩት መድኃኒት ልዩ ልዩ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ራሺያን ሪቨር የተባለ ጠማቂ ፕላይኒ ዘ ያንገር የተባለውን ቢራውን ለዓመታት በድራፍት ብቻ ሸጠ፤ የሚወሰድ ነገር ከሌለ የሚሸጥም የለም። ዕጣ ማውጣት ወረፋውን ያጠፋል እንጂ አየር ባየሩን አይነካውም፤ ዕጣ የደረሰው ሁሉ ሊጠጣ አልገባም። ከሁሉ በላይ የሠራው ብዙ መጥመቅ ነው። ዘ አልኬሚስት በ2016 ስቶው ውስጥ ሰፊ ፋብሪካ ሲከፍት ሄዲ ቶፐርን በሕገ ወጥ መንገድ መግዛት ትርጉም እያጣ ሄደ። የቅዱስ ሲክስቶስ መነኮሳት ይህንን መንገድ አልመረጡም።

ቢራውን መቅመስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ቀጠሮ አያስፈልገውም። ከገዳሙ ፊት ለፊት ያለው ኢን ደ ፍሬደ ካፌ በብርጭቆ ይሸጣል፤ ክምችት ባለበት ቀን ጥቂት ጠርሙስ ይዞ መውጣትም ይቻላል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ቫቱ የሚገኘው ሲንት በርናርዱስ ደግሞ ከ1946 እስከ 1992 በገዳሙ ፈቃድ ይህንኑ ቢራ ሲጠምቅና ሲሸጥ የኖረ ነው። ፈቃዱ ሲያበቃ በራሱ ስም ቀጠለ። አብት 12 የተባለው ቢራው 10 በመቶ አልኮል አለው፣ መለያው ላይ ፈገግ ያለ መነኩሴ አለ፣ በብዙ አገር ተራ የቢራ ሱቅ ውስጥ በተራ ዋጋ ይገኛል፤ ሁለቱን ዓይናቸውን ጨፍነው እየቀመሱ መለየት የሚቸገሩ ጠጪዎችም ጥቂት አይደሉም።